ፔናሊቲ ለጓደኛ አቀብሎ ማግባት፦ ጎል ነው ወይስ ጥፋት?

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ ፊሽካ ለያዛችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ይጫወታሉ፣ እኔ የዛን ቀን ምደባ ስላልነበረኝ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት። አንዱ ቡድን ፔናሊቲ አገኘ። መቺው ልጅ ተንደርድሮ መጣና ኳሷን ወደ ጎል መምታቱን ትቶ በውስጥ እግሩ ወደ ፊት ገፋ አደረጋት፣ ሁለት ሜትር ብትሄድ ነው፣ በረኛው ግን በግራ በኩል ወድቋል፣ ከ16 ከ50 (ከቅጣት ክልሉ) ውጪ ቆሞ የነበረ ጓደኛው እየበረረ ገብቶ ባዶ ጎል ውስጥ ከተታት። ልጆቹ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ጎሉን ሻረ፣ ለተጋጣሚ ኢንዳይሬክት (በቀጥታ ጎል የማይቆጠርበት) ቅጣት ምት ሰጠ፣ መቺውንም ቢጫ አሳየው። አምበሉ ሄዶ ሲጠይቅ ፔናሊቲ ቀጥታ ወደ ጎል ነው የሚመታው፣ ይሄ በተጋጣሚ ላይ ማላገጥ ነው ተባለ።

እኔ የምለው ይሄ ንጹህ ጎል ነው። ስለ ፔናሊቲ የሚያወራው ሕግ 14 ኳሷ ወደ ፊት ትመታ ነው የሚለው፣ ወደ ጎል ትመታ የሚል ቃል የለበትም። ከዛም አልፎ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎቻችን ሜዳ ላይ አይተነው የማናውቀው ነገር ሲመጣ እጃችን ቀድሞ ወደ ፊሽካ ይሄዳል። ግራ ስለገባን ብቻ እንነፋለን። ልጁ ደግሞ ሕጉን ተከትሎ፣ ስንት ቀን ከጓደኛው ጋር ተለማምዶ የሠራውን ነገር በቢጫ ካርድ ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ይሄ በጣም ያመኛል። እስቲ የምታውቁ አስተያየት ስጡ፣ ተሳስተሃል የምትሉም ሕጉን ጠቅሳችሁ ንገሩኝ።

(እንግዲህ ክሩ፣ ማለትም ከስር ያለው ውይይት፣ ካሰብኩት በላይ ረዘመ፣ መሀል ላይ ለምትገቡ ሰዎች መልሶቹን በቁጥራቸው እየሄድኩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይ የኔንም ጨምሬያለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ። ባህር ዳር የሚዳኝ ወንድማችን ነው የከፈተው፣ በጣም በትህትና። ጎሉ ጎል ነው፣ ግን አራት ነገር ካየህ ነው አለ። መቺው አስቀድሞ የታወቀ ሰው መሆን አለበት። ኳሷ በግልጽ ተንቀሳቅሳ ወደ ፊት መሄድ አለባት። ጓደኛው ኳሷ እስክትመታ ድረስ ከ16 ከ50 ውጪ፣ ከፔናሊቲ ነጥቧ 9.15 ሜትር ርቆና ከነጥቧ ኋላ መቆም አለበት። መቺው ደግሞ ሌላ ተጫዋች ሳይነካት ደግሞ መንካት የለበትም። አራቱ ከተሟሉ ዳኛው ሥራው ወደ መሀል ሜዳ ማመልከት ነው። ምሳሌ ብሎ ያነሳው በ2016 ፌብሩዋሪ ባርሴሎና ሴልታ ቪጎን 6 ለ 1 ሲያሸንፍ ሜሲ ለሱዋሬዝ ያቀበላትን ነው፣ ሁላችንም የምናስታውሳት።

2ኛ። አንድ ልጅ ደስ ብሎት ገባና የሜሲ ኮፒ ነው፣ ዋናው ፈጣሪ ክራይፍ ነው አለ። በ1982 ዲሴምበር አያክስ ከሄልሞንድ ስፖርት ሲጫወት ክራይፍ ለየስፐር ኦልሰን አቀበለ፣ ኦልሰን መለሰለት፣ ክራይፍ ራሱ አገባ። ቆንጆ ጥያቄም ጨመረ፣ ክራይፍ ሁለቴ ነክቷታል እኮ፣ ታዲያ እንዴት ጸደቀ ብሎ። መልሱ መሀል ላይ ኦልሰን ስለነካት ነው። ሁለተኛ መንካት የሚከለከለው ሌላ ሰው ሳይነካት በፊት ብቻ ነው።

3ኛ። እዚህ ጋ አንድ ጋሼ አረሙት፣ በእድሜ ገፋ ያሉ ከአነጋገራቸውም ያስታውቃል። ክራይፍም የመጀመሪያው አይደለም፣ በ1957 ቤልጂየም አይስላንድን 8 ለ 3 ባሸነፈችበት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሪክ ኮፐንስና አንድሬ ፒተርስ ይህንኑ ሠርተውታል አሉ። ክራይፍ ያኔ ልጅ ነው። ከዚህ የምወስደው ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ነው፣ እንኳን ለኛ ለአያቶቻችን ዳኞችም አዲስ አልነበረም።

4ኛ። የአርሰናል ደጋፊ መሆኑን ሳይደብቅ የኦንሪንና የፒሬስን አመጣ። በ2005 ኦክቶበር ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ፒሬስ ለኦንሪ ሊያቀብል ሲል ኳሷን ጫማው ስር ነክቶ ሳታት፣ ደግሞ ነካት፣ ዳኛው ለሲቲ ቅጣት ምት ሰጡ። የሱ ነጥብ የተቀጡት ለማቀበል በማሰባቸው ሳይሆን መቺው ሁለቴ ስለነካት ነው የሚል ነው፣ ዳኛውም ትክክል ነበሩ አለ። እኔ ይሄን መልስ በጣም ወድጄዋለሁ። የራሱ ቡድን ላይ የተሰጠን ውሳኔ ትክክል ነው ብሎ የሚከራከር ደጋፊ ብዙ አይገኝም።

5ኛ። ድምጹ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። አንድ አሰልጣኝ ነኝ ያለ ሰው ጠንከር ብሎ መጣ። የሜሲን በቴሌቪዥን ያያችሁ ሁሉ ሕጻናት ላይ ትፈርዳላችሁ፣ 14 ዓመት ልጅ በረኛ ፊት እንደዚህ ማድረግ ልጁን ማዋረድ ነው፣ ሕጉም ለጨዋታው ክብር አለማሳየት ቢጫ ያሰጣል ይላል ብሎ ስለ ጥፋቶች የሚያወራውን ሕግ 12 ጠቀሰ። እውነት ነው፣ ሐረጉ ሕጉ ውስጥ አለ፣ ዝም ብሎ የተናገረ ሰው አይደለም።

6ኛ። ወዲያው አንድ ሌላ ሰው መለሰለት፣ ትንሽ በቁጣ። በረኛን ማታለል ከሆነ ክብር አለማሳየት ማለት፣ ድሪብል ራሱ ቢጫ ነው ማለት ነው? በረኛው ወደ ግራ የወደቀው መቺው ስላታለለው ነው፣ ፔናሊቲ ሲመታ ሁሌ የሚሆነው ይኸው ነው አለ። እኔም የምጨምረው አለኝ፣ ያቺ የክብር ሐረግ የምትጠቅመው ሕጉ በስም ያልጠራውን አስቀያሚ ድርጊት ለመያዝ ነው። ሕግ 14 የጠየቀውን ሁሉ አሟልቶ የተመታ ፔናሊቲን በሷ በኩል ዞሮ መከልከል አይቻልም። ልጁ ካገባ በኋላ በረኛው ፊት ሄዶ ቢሳለቅ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለዛ ቢጫ እኔም እሰጣለሁ። ግን እንደዛ አላደረገም፣ ጓደኛውን ነው የሮጠው ሊያቅፍ።

7ኛ። አዳማ ያለ ረዳት ዳኛ ጨዋታውን ወደ ቴክኒክ መለሰልን፣ አመሰግናለሁ። ሁላችሁም መቺውን እያያችሁ ነው፣ እኔ ብሆን የማየው ሯጩን ነው አለ። እንደሚታወቀው ከ2024 ጀምሮ ተጫዋች ቀድሞ ስለገባ ብቻ አይቀጣም፣ ተጽዕኖ ሲኖረው ነው፤ ማለትም በረኛውን በግልጽ ከረበሸ፣ ወይ ደግሞ ኳሷን ተጫውቶ ወይ ለሷ ተሻምቶ ካገባ፣ ለማግባት ከሞከረ ወይ ዕድል ከፈጠረ። አቀብሎ በሚገባ ፔናሊቲ ላይ ደግሞ ሯጩ ነው የሚያገባው፣ ስለዚህ በአንዲት እርምጃ እንኳ ከቀደመ ሁሌም ተጽዕኖ አለው፣ ጎሉ የለም፣ ለተከላካዩ ኢንዳይሬክት ነው። ስለዚህ የሰፈራችሁ ዳኛ ልጁ ቀድሞ ገብቷል ብሎ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ልክ ሊሆን ይችል ነበር፣ ምክንያቱ ነው ያበላሸው። ይሄን አንብቤ ቆም ብዬ አሰብኩ። ውሳኔውና ምክንያቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ታች ላይ ይሄ ነገር በጣም ይመጣል፣ ያዙልኝ።

8ኛ። ከቨርጂኒያ፣ እዛ የልጆች ሊግ የሚዳኝና በየዓመቱ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ውድድር የሚመጣ ወንድማችን፣ ስለ ማስመሰል አነሳ። ልጆች ሲንደረደሩ ቆም፣ ፈጠን፣ ቀስ ይላሉ፣ ያ ይፈቀዳል። የሚከለከለው መንደርደሩ አልቆ ኳሷ ጋ ከደረሰ በኋላ የመምታት ማስመሰል ነው። እሱ ሲሆን ኳሷ ገባች አልገባች ኢንዳይሬክት ነው፣ መቺውም ቢጫ ያያል፣ አይደገምም። ብዙ ዳኛ ያስደግማል፣ ስህተት ነው አለ። የአሜሪካ ሃይስኩሎች የራሳቸው የሕግ መጽሐፍ ስላላቸው እዛ የምትዳኙ እንዳታምታቱም አስጠነቀቀ።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ። ሁለቴ መንካት ሲነሳ አልቫሬዝ መምጣቱ አይቀርም፣ መጣ። በ2025 ማርች 12 አትሌቲኮ ማድሪድ ከሪያል ማድሪድ፣ ቻምፒዮንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ፣ ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሄዶ ጁሊያን አልቫሬዝ እየተንሸራተተ ሲመታ የቆመበት እግሩ ኳሷን ነካ ተባለና ቫር (የቪዲዮ ዳኛው) ጎሉን ሰረዘው፣ ሪያል 4 ለ 2 አለፈ። 9ኛው ጸሐፊ ለአልቫሬዝ አሁንም ያዝናል፣ ገጽ ሙሉ ጽፏል፣ አላሳጥረውም ማንበብ ለፈለገ እዛው አለ። 10ኛው ደግሞ በእርግጠኝነት ከዛ በኋላ ሕጉ ተቀይሯል፣ አሁን ሁለቴ ከተነካ ሁሌም ይደገማል አለ። ይሄ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሹን ይዞ ሜዳ የሚገባ ዳኛ ደግሞ ቡድን ያስጮሃል። 11ኛው ቀና አደረገው። በ2025 ጁን መጀመሪያ የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አይፋብ ያወጣው ማብራሪያ ስለ አጋጣሚ ነው የሚያወራው፤ መቺው ሳያስብ በሁለቱም እግሩ በአንዴ ከመታት፣ ወይ ከመታት በኋላ ወዲያው የቆመበት እግሩን ከነካችና ኳሷ ከገባች ይደገማል። ካልገባች ግን በጨዋታ መሀል ከሆነ ኢንዳይሬክት ነው፣ ዳኛው ለተከላካዩ ጥቅም ካልተወው በቀር፣ በመለያ ምት ከሆነ እንደሳተ ይቆጠራል። ሆን ብሎ ሁለቴ የነካ ሰው ምንም መድገም የለውም። የፒሬስ ነገር አሁን ቢሆን ኖሮስ ብሎ አንዱ ጠይቆ ነበር፣ ኳሷ ጎል ውስጥ ስላልገባች ያው ለሲቲ ነበር የሚሰጠው።

12ኛ። የክሩ ዋና መልስ ለኔ ይሄ ነው፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ እንዳትወጡ። በ2005 ሴፕቴምበር 3 ታሽከንት ላይ ኡዝቤኪስታንና ባህሬን ለ2006 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ይጫወታሉ። ኡዝቤኪስታን 1 ለ 0 እየመራች ፔናሊቲ አገኘች፣ መቱ፣ ገባ። ግን አንድ የኡዝቤክ ተጫዋች ቀድሞ ገብቷል። እዚህ እንደ 7ኛው መልስ ሯጩ አላገባም፣ ኳሷ ከመቺው በቀጥታ ነው የገባችው፣ ስለዚህ ትክክለኛው ውሳኔ ፔናሊቲው ይደገም ነበር። ዳኛው ግን ለባህሬን ኢንዳይሬክት ሰጡ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ኡዝቤኮቹ ከሰሱ፣ 3 ለ 0 ይመዝገብልን አሉ፣ ፊፋ ደግሞ የሕግ ስህተት ነው ብሎ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሰርዞ ጨዋታው ከዜሮ እንዲደገም አደረገ። ሲደገም 1 ለ 1 ወጡ፣ መልሱ ማናማ ላይ 0 ለ 0፣ ባህሬን ከሜዳዋ ውጪ ባገባችው ጎል አለፈች። ኡዝቤኪስታን አሸንፋ ከሳ ወደቀች ማለት ነው። የጻፈው ሰው ዳኛ ስለ ፔናሊቲ አንድ ሰንጠረዥ በቃሉ ባለመያዙ የአንድ ሀገር የዓለም ዋንጫ መንገድ ተዘጋ አለ፣ እኔ የምጨምርበት የለም።

13ኛ። ከለንደን አንዲት እህት ሌላ ምሳሌ ሰጠች። በ2015 አፕሪል ከ19 ዓመት በታች የሴቶች የአውሮፓ ማጣሪያ፣ እንግሊዝ በኖርዌይ 2 ለ 1 እየተመራች 96ኛው ደቂቃ ላይ ፔናሊቲ አገኘች። ሊያ ዊሊያምሰን መታች ገባ፣ ጓደኛዋ ቀድማ ስለገባች ዳኛዋ ከማስደገም ይልቅ ለኖርዌይ ኢንዳይሬክት ሰጠች። ያው የታሽከንቱ ስህተት ከ10 ዓመት በኋላ። ዩኤፋ ግን እንደ ፊፋ ጨዋታውን ሙሉ አላስደገመም፣ ከፔናሊቲዋ ጀምሮ የቀረው 18 ሰከንድ ብቻ ይጫወት አለ። ከ5 ቀን በኋላ ቤልፋስት ላይ ሁለቱ ቡድኖች ለነዚያ ሰከንዶች ተሰልፈው ገቡ፣ ዊሊያምሰን ያንን ሁሉ ቀን ስታስብበት የቆየችውን ምት አገባችው፣ 2 ለ 2። ያች ልጅ ቆይታ የእንግሊዝ ዋና ቡድን አምበል ሆና በ2022 የአውሮፓ ዋንጫ አነሳች።

14ኛ። ይሄኛው ሰው በሙያው ጠበቃ ይሆን ብዬ ጠርጥሬያለሁ፣ አጻጻፉ እንደዛ ነው። 7ኛው መልስ ላይ ያዙልኝ ያልኩትን ነገር አነሳ። ዳኛ በጨዋታ ውስጥ ስላየው ነገር የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ገብቷል አልገባም፣ ነክቷል አልነካም፣ ማንም ክስ አቅርቦ አያስቀይረውም። የታሽከንቱም የእንግሊዞቹም የተሻረው ዳኞቹ ያዩትን ስላሳሳቱ አይደለም፣ በትክክል አይተው ሕጉ የማያውቀውን ቅጣት ስለሰጡ ነው። ስለዚህ የእናንተ ሰፈር ዳኛ ሪፖርት ላይ ሯጩ ቀድሞ ገብቷል ብሎ ከጻፈ ነገሩ አልቋል። ፔናሊቲ ማቀበል አይፈቀድም ብሎ ከጻፈ ግን የሕግ ስህተት ነው፣ የውድድሩ ደንብ ክስ የሚቀበል ከሆነ ቡድኑ መንገድ አለው። አምበሉ ምክንያቱን ሜዳ ላይ መጠየቁ ጎበዝ አድርጎታል አለ። እኔም እላለሁ፣ ሥነ ሥርዓት ባለው መንገድ ምክንያት መጠየቅን ልጆቻችንን ብናስተምር ዳኛውም ይጠቀማል።

15ኛና 16ኛ። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ኮርና ሄደ። አንዱ በ2009 ጃንዋሪ ማንዩናይትድ ቼልሲን 3 ለ 0 ያሸነፈበትን አስታወሰ። ሩኒ ኮርና ሊመታ መጥቶ ኳሷን በእግሩ ነካ አድርጎ እንደተወ ሰው ሄደ፣ ጊግስ መጥቶ እየነዳት ገባ፣ አሻገረ፣ ሮናልዶ በጭንቅላት አስቆጠረ፣ ባንዲራ ተነስቶ ነበርና ተሻረ። ይሄ ጎል ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ ጠየቀ። 16ኛው እንዲህ አለ፣ ኮርና ላይ ኳሷ ከቅስቷ መውጣት አይጠበቅባትም፣ በእግር ተመትታ በግልጽ ከተንቀሳቀሰች ጨዋታ ውስጥ ናት፣ ለመስመር ዳኛው ጀምሬያለሁ ብሎ መናገርም ግዴታ አይደለም። በግልጽ የምትለዋ ቃል ሕጉ ውስጥ የገባችው በ2016 ነው፣ በጫማ ስር ኳሷን መነካካት ብቻ እንዳይበቃ። ጥንቃቄ ያለበት ግን አለ፣ ልጁ ኳሷን ትቶ ሲሄድ ተጋጣሚን ለማዘናጋት ብሎ ጮክ ብሎ አንተ ምታት ምናምን ካለ በቃል ማዘናጋት ስለሆነ ቢጫ ነው። እግር ያታልል፣ አፍ አያታልል። ይሄን አባባል ከሱ ወስጄዋለሁ፣ ልጆቹን ሳዳኝ እነግራቸዋለሁ።

17ኛ። ራሚሳ (ከመስመር በእጅ የሚወረወር ኳስ)! ከፔናሊቲ ምን አገናኘው እንዳትሉ፣ ጋሼ ናቸው ያመጡት፣ የ3ኛው መልስ ባለቤት። በ2002 ሴፕቴምበር በበርሚንግሃም ደርቢ የአስቶን ቪላው ሜልበርግ ለራሱ በረኛ ለኤንከልማን ኳስ ወረወረ፣ በረኛው በእግሩ ሊያቆማት ሲል ከጫማው ስር አለፈች፣ ጎል ገባች። ዳኛው ዴቪድ ኤለሬይ ነበሩ፣ ጎል ብለው አጸደቁት። ኳሷ የበረኛውን እግር ነክታ ከሆነ ጎል ነው። ካልነካች ግን ከራሚሳ በቀጥታ ራስ ጎል ላይ አይገባም፣ ለበርሚንግሃም ኮርና ነው የሚሰጠው። ቅጣት ምትም እንደዛው፣ ተከላካይ ለበረኛው ብሎ የመታት ቅጣት ምት ማንም ሳይነካት ራሱ ጎል ውስጥ ብትገባ ለተጋጣሚ ኮርና ነው። ይሄን የማያውቅ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ዳኛም አጋጥሞኛል።

18ኛ። 5ኛው አሰልጣኝ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ረጋ ብሎ ነው፣ ግን ሀሳቡን አልለቀቀም። እሺ ብልጠት ሁሉ ይፈቀዳል ካላችሁ፣ ተከላካይ ኳሷን በእግሩ ወደ ላይ አንስቶ በጭንቅላቱ ለበረኛው ቢያቀብል ለምን ትቀጡታላችሁ አለ። ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው፣ ባይዋጥልኝም ክሩን ያሻሻለው ይሄ ሰው ነው። መልሱ ከ1992 ጀምሮ በእግር የተሰጠን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ ተከልክሏል፣ ያንን ለማምለጥ ሆን ብሎ ኳሷን አንስቶ በጭንቅላት ወይ በጉልበት መስጠት በስም ተጠርቶ የተከለከለ ነው፣ በረኛው በእጁ ባይነካት እንኳ ቢጫና ኢንዳይሬክት አለው። በ2019 የመልስ ምት ኳስ ከ16 ከ50 ሳትወጣ መጫወት ሲፈቀድ ደግሞ አንዳንድ ቡድን በረኛው አንስቶ ለተከላካይ፣ ተከላካዩ በጭንቅላት መልሶ ለበረኛው እጅ መስጠት ጀመሩ፣ አይፋብ እሱንም ዘጋው፣ እንደውም በረኛው ራሱ ከጀመረው የሚቀጣው በረኛው ነው። እንግዲህ ሕግ አውጪዎቹ ማቆም የፈለጉትን ብልጠት ቁጭ ብለው በጽሑፍ ነው ያቆሙት። ፔናሊቲ ማቀበልን ከ1957 ጀምሮ አይተውታል፣ በሜሲ ጊዜ ዓለም ሁሉ ሲያወራበት ሰምተዋል፣ አልዘጉትም። ያልዘጉትን እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ በፊሽካ የምንዘጋበት ምንም ሥልጣን የለንም።

19ኛ። ይሄ መልስ እኔን ነው የነካው። ዳር ቆሞ ማውራት ቀላል ነው፣ ዳኛውን እዚህ ከምታሳጣው ጨዋታው ሲያልቅ ጠጋ ብለህ ብትነግረው አይሻልም ነበር ተባልኩ። በመጀመሪያ ስሙንም ሜዳውንም አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። ሁለተኛ አነጋግሬዋለሁ፣ በአክብሮት ነው የተለያየነው፣ በሀሳቡ እንደጸና ነው። ዳኝነት የሚከፈለው ትንሽ፣ የሚሰደበው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ፀሐይ ላይ ለልጆች ጊዜውን የሰጠን ሰው የማዋረድ ፍላጎት የለኝም። ግን ለሙያው ያለኝ ክብር ነው ዝም እንዳልል ያደረገኝ።

20ኛ። ሐዋሳ ያለች ሴት ዳኛ በጣም አጭር ጻፈች። ሊዲያ ታፈሰንና ባምላክ ተሰማን ዓለም ዋንጫ ድረስ ያደረሳቸው በየጊዜው የሚወጣውን ማሻሻያ መከታተላቸው ጭምር ነው፣ እኛም ሰፈር ላይ የምንዳኘው በዚያው መጽሐፍ ነው አለች። ከዛ በኋላ ክርክሩ ለትንሽ ሰዓት በረደ።

21ኛ ስለ በረኛ 8 ሰከንድ ነው፣ ከ2025/26 ጀምሮ ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ ከያዘ ለተጋጣሚ ኮርና ስለሚሰጥበት ሕግ፣ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ ስለሚቆጥርበት። አንድ ሁለት ሰው ተሰዳደበበት። ርዕሱ ሌላ ስለሆነ ለብቻው ክር ክፈቱለት ብያለሁ።

22ኛ። ከደሴ የመጣው ጥያቄ ግን የኛው ነው። ሜዳችን አቧራ ነው፣ ኖራው ከእረፍት በፊት ይጠፋል፣ 16 ከ50ው የት እንደሆነ ሳይታይ ልጁ ቀድሞ ገባ አልገባ በምን ልለይ? እውነት ነው፣ መጽሐፉ ለዚህ መልስ የለውም። የአዳማው ረዳት ዳኛ የሱን ልምድ አካፈለ፣ ፔናሊቲ ሲሰጥ ሁሉንም ተጫዋች ራሱ እየመራ ያስወጣል፣ መስመሩ ከጠፋ በጫማው አፈሩ ላይ ጭረት ይሠራል፣ ከዛ ለሁለቱም አምበሎች መስመሩ ይሄ ነው ብሎ ያሳያቸዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን በኋላ ማንም አይከራከረውም። ጭረቱ የሚሠራው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት መሆኑ ዋናው ነገር ነው፣ ከጎሉ በኋላ ስለ መስመር ማውራት ጠብ ነው።

23ኛ። የመጨረሻው የገባው ትናንት ማታ ነው፣ የቨርጂኒያው ሰው ተመልሶ ማንም ያላነሳውን ጠየቀኝ። ፔናሊቲዋ የተመታችው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? ሰዓቱ አልቆ ለፔናሊቲዋ ብቻ ጊዜ ተጨምሮ ከሆነ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፣ ምክንያቱም በዛ ጊዜ ከበረኛው በቀር ማንም ተጫዋች ኳሷን ከተጫወተ ምቱ እዛው ያበቃል። ጓደኛው እግር ስትደርስ ጨዋታው አልቋል፣ ጎል የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ ገባ አልገባ እንኳ አያጣላም።

የኔ መልስ፦ ጨዋታው ገና ሁለተኛው አጋማሽ መሀል ላይ ነበር፣ ዳኛውም ኢንዳይሬክቱ ከተመታ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አጫውቷል። ስለዚህ ያ ነገር እዚህ አይሠራም፣ ጎሉ ጎል ነው። አምበሉ ትናንት ደውሎልኝ ክስ እናቅርብ ወይ ብሎ ስለጠየቀኝ የ14ኛውን መልስ ልኬለታለሁ። የውድድራቸውን ደንብ ይዞ ነገ ይመጣል፣ ክስ የሚቀበል አንቀጽ ካለው ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን፣ የልጁ ቢጫም እንዲነሳለት እንጠይቃለን። እንዲህ አይነት ደብዳቤ ጽፋችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምን ምን ማካተት እንዳለበት እዚሁ ጻፉልኝ።